ድንኳን ሰፊው ያለው፣ ምክር ቤቱ የሰማው

በሜይ 2013 (በዚህ ጽሑፍ የሚነሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የግብርና ኮሚቴ አዲሱን የእርሻ ሕግ ሊመረምር ተሰበሰበ። ሕጉ በስሙ የእርሻ ይባል እንጂ አብዛኛው ገንዘብ የሚውለው ለድሆች የምግብ ድጎማ ነው፤ የእኛ ሰው እዚያ «ፉድ ስታምፕ» ለሚለው። የዕለቱ ጥያቄ ከዚህ ድጎማ በ10 ዓመት ውስጥ 20 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚል ነበር። ክርክሩ ብዙም ሳይቆይ ከሂሳብ ወጥቶ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ገባ።

የካሊፎርኒያው ዴሞክራት ሁዋን ቫርጋስ በወጣትነታቸው ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገብተው ካህን ለመሆን ሲዘጋጁ የነበሩ ሰው ናቸው። እሳቸው የማቴዎስ ወንጌልን ምዕራፍ 25 አነሡ፤ በመጨረሻው ቀን ንጉሡ የተራበውን ያበላና ያላበላ ማን እንደሆነ የሚለይበትን። የቴክሳሱ ሪፐብሊካን ማይክ ኮናዌይ፣ ያ ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ክርስቲያን እንጂ ለመንግሥት አልተሰጠም ሲሉ መለሱ። የቴነሲው ስቲቨን ፊንቸር ደግሞ ሁለተኛ ተሰሎንቄን ገለጡ። ምዕራፍ 3 ቁጥር 10። ሥራ የማይወድ ሰው ወደ ማዕዱም አይቅረብ የሚል መንፈስ ያለውን፣ ከመካከላችን ብዙዎቹ በልጅነታችን ስንሰንፍ ከእናቶቻችን አፍ የሰማነውን ቃል።

ፊንቸር ፍሮግ ጀምፕ ከምትባል የገጠር ቀበሌ የተገኙ የጥጥ ገበሬ ናቸው። ከቤተ ሰባቸው ጋር በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞሩ ሲዘምሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ጥቅሱን ከአማካሪ ተቀብለው ለታይታ አነበቡት ማለት አልችልም። ያምኑበታል። ይሁን እንጂ የእርሻ ድጎማን የሚከታተለው «ኢንቫይሮመንታል ወርኪንግ ግሩፕ» ከመንግሥት መዝገብ ደምሮ እንዳወጣው፣ ከ1999 እስከ 2012 ባለው ጊዜ እኒሁ ተወካይ ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የእርሻ ድጎማ ተቀብለዋል። በዚያው ረቂቅ ሕግ የድሆቹ የምግብ ድጎማ ሲቀነስ የገበሬዎቹ የሰብል ኢንሹራንስ ድጎማ ይሰፋ ነበር። ካዝናው አንድ ነው፤ ሕጉም አንድ ነው። ጥቅሱ ግን የተነበበው ለአንደኛው ተቀባይ ብቻ ነው።

ይህን የማነሣው አንድን ሰው ለማሳጣት አይደለም። ሃይማኖት ከፖለቲካ ደጅ ይቅር ከሚሉት ወገንም አይደለሁም። የነቢያትን መጻሕፍት የገለጠ ሁሉ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን፣ ስለ ጉቦ፣ ስለ ወለድ፣ ስለ ተነጠቀ የድሃ ርስት ያነባል። እነዚያ ሰዎች ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ቆመው ስለ ኢኮኖሚ ነበር የሚናገሩት። እኔን ለዓመታት ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ነቢዩ ቃሉን የሚያነብበው በንጉሡ ፊት፣ በራሱ አንገት ፈርዶ ነው። የምክር ቤቱ ሰው ግን የሚያነብበው በስብሰባው ላይ ስለሌሉና መልስ መስጠት ስለማይችሉ ሰዎች ነው። ጥቅሱ አንባቢውን ካልያዘው ማንን እንዲይዝ ነው የሚነበበው?

የአብነት ትምህርት ቤት መምህራን ንባብ ለብቻው አይበቃም ይላሉ። ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ከላዩ ምን አለ፣ ከታቹስ ምን ተከተለ ሳይባል አንድምታ አይሰጥም። በዚያ ዓይን ሲታይ ቁጥር 10 ብቻውን የቆመ ድንጋይ አይደለም። ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ ጳውሎስ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው። በእናንተ ዘንድ በነበርን ጊዜ የማንንም እንጀራ በነጻ አልበላንም፤ ለማንም ሸክም እንዳንሆን ሌሊትና ቀን ደክመናል ይላል። የመብላት መብት እንደነበረውም አይሸሽግም፤ ወንጌል ሰባኪ ከወንጌል ይብላ የሚለውን ሥርዓት ራሱ በሌላ መልእክቱ ጽፎታል። ያንን መብት ትቶ ነው መርፌ የያዘው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ሙያውን ይነግረናል፦ ድንኳን ሰፊ ነበር። እንግዲህ ቁጥር 10 የተጻፈው እጁ በሥራ በሻከረ ሰው፣ በእሱ ሥራ ምስክር ለሆኑ ሰዎች ነው።

እነዚያ የማይሠሩት እነማን ነበሩ? ብዙ ተርጓሚዎች የጌታ ቀን ደርሷል ብለው ሥራ የተዉ ምእመናን ናቸው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በባለጠጋ ደጅ ተጠግተው መኖርን የለመዱ ነበሩ ይላሉ። በሁለቱም ወገን ቢሆን ሥራ አጥተው የሚንከራተቱ አልነበሩም፤ ቁጥር 11 ሥራቸውን ትተው በሰው ጉዳይ የሚገቡ ናቸው ብሎ ይገልጻቸዋል። ቃሉም ያረፈው «የማይወድ» በሚለው ላይ ነው፤ የማይችል ወይም ያላገኘ አላለም። ደግሞ በቁጥር 13 ሐዋርያው ለሚሠሩት ዘወር ብሎ መልካም ማድረግን እንዳይታክቱ ያሳስባቸዋል። ይኸው ጳውሎስ በየከተማው እየዞረ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ያሰባሰበ ሰው ነው። ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለዚያ መዋጮ ሲጽፍ ዓላማው የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ሞልቶ እንዲተካከሉ እንደሆነ ያስረዳል። የምግብ ድጎማ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ለምን አይገለጥም?

ጥቅሱ ብዙ ሀገር ዞሯል። ካፒቴን ጆን ስሚዝ በ1609 ግድም በቨርጂኒያዋ ጄምስታውን ሥራ የናቁትን ጨዋዎች ያስገደደበት ነው። ሌኒን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ጠብ ውስጥ ሆኖ ሳለ ወደደው፤ የ1918ቱ የሶቪየት ሩሲያ ሕገ መንግሥት በ18ኛው አንቀጹ፣ የ1936ቱ የስታሊን ሕገ መንግሥት ደግሞ በ12ኛው አንቀጹ የመንግሥት መርሕ አድርገው አስገቡት። ሌኒን ዒላማ ያደረገው በኪራይና በወለድ የሚኖረውን ባለ ሀብት ነበር። አንዱ ቃል በአንዱ ሀገር ላብ ሳያፈስ የሚበላውን ሀብታም፣ በሌላው ደግሞ ድሃውን መምቻ ሆነ። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የያዘው እጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ብዬ የምመለስበት ግን የኤድንብራው ዕለት ነው። በሜይ 21 ቀን 1988 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው ተናገሩ። በሜቶዲስት ቤት ያደጉ፣ አባታቸው ግሮሰሪ ነጋዴና ሰባኪ የሆኑ ሴት ነበሩ። ያንኑ የተሰሎንቄ ቃል ጠቀሱ፤ ሀብት መፍጠር ኃጢአት አይደለም፣ ኃጢአቱ ገንዘብን ለራሱ ሲባል መውደድ ነው፤ ክርስትናም የእያንዳንዱ ሰው ምርጫ ነው ሲሉ አስረዱ። ንግግሩ ቢነበብ ያልተማረ ሰው ንግግር አይደለም። ሲጨርሱ የጉባኤው ሰብሳቢ ጄምስ ኋይት በትሕትና ስጦታ ሰጧቸው፦ ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ መኖሪያ ቤት ችግርና ስለ ድህነት ያስጠናቻቸውን ሰነዶች። ድሃውንም ባለጠጋውንም በአመዛኙ እኩል የሚያስከፍለው የመንግሥታቸው የነፍስ ወከፍ ግብር በስኮትላንድ ሥራ ላይ የዋለው በቀጣዩ ዓመት አፕሪል ነው፤ ከእንግሊዝ አንድ ዓመት ቀድሞ። ያቺ ቤተ ክርስቲያን ጥቅስ በጥቅስ አልመለሰችም። ድሆቹ ያሉበትን ቤት በወረቀት ላይ ጽፋ እጃቸው ላይ አስቀመጠች። ከመልስ ሁሉ እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ።

ወደ አሜሪካ እንመለስ፤ ቁጥር 10 ከስብከት ወጥቶ የሥራ መመሪያ የሆነው እዚያ ነውና።

በ1996 የወጣው የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ልጅ የሌለው ጤነኛ ጎልማሳ በወር 80 ሰዓት መሥራቱን ካላስመሰከረ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ወር በላይ ፉድ ስታምፕ እንዳያገኝ ደነገገ። ግዴታው በመጀመሪያ እስከ 49 ዓመት ድረስ ያሉትን ነበር የሚመለከተው፤ በ2023 በወጣ ሕግ ደረጃ በደረጃ ወደ 54 ከፍ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሚወድ ይሠራል፣ የማይወድ ይለያል። ችግሩ መውደድን የሚለካ ቅጽ አለመኖሩ ነው። ጳውሎስ የጻፈው አብረው ለሚበሉ፣ ማን ታሞ እንደቀረና ማን ሰንፎ እንደተኛ ለሚተዋወቁ ሰዎች ነው። አንድ የክፍለ ግዛት መንግሥት ግን የሰውን ልብ አያይም፤ የሚያየው ቅጽ፣ የደመወዝ ወረቀትና ቀነ ገደብ ነው። የእኛ ዕድር እንኳ ቀሪውን ከመቅጣቱ በፊት ምን ሆኖ ቀረ ብሎ ይጠይቃል።

ውጤቱ በጥናት ታይቷል። ቨርጂኒያ በኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ተነሥቶ የነበረውን ግዴታ መልሳ ስትጀምር የሆነውን የተከታተሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ ግዴታው ከሚመለከታቸው ሰዎች ውስጥ ተጠቃሚው በ53 በመቶ ቀነሰ፤ በሥራ ላይ የሚገኘው ቁጥር ግን ሊለካ በሚችል መጠን አልጨመረም። አርካንሶ በ2018 ያንኑ መንገድ በሜዲኬይድ፣ ማለትም በድሆች የሕክምና መድን ላይ ሞከረችው። በጥቂት ወራት ከ18,000 በላይ ሰው መድኑን አጣ፤ በማርች 2019 የፌዴራል ዳኛ አስቆመው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ግዴታው ከሚመለከታቸው ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወይ ሠራተኞች ነበሩ፣ ወይም በሕጉ ነጻ መሆን የሚገባቸው። በመጀመሪያ የሥራ ሰዓቱ ሪፖርት የሚቀርበው በኢንተርኔት ብቻ ነበር፤ ድረ ገጹም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ይዘጋ ነበር። የማታ ተረኛ ሠራተኛ በዚህ መንገድ «የማይወድ» ሆኖ ተመዘገበ።

ሌላው ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ቃል ድሆች ከእናንተ ጋር ሁልጊዜ ይኖራሉ የሚለው የጌታ ንግግር ነው። በ2017 ሐኪሙና የካንሳሱ ተወካይ ሮጀር ማርሻል ስለ ሜዲኬይድ መስፋፋት ተጠይቀው ይህን አነሡ፤ ሕክምና የማይፈልጉ ወገኖች አሉ ለማለት። በብዙ ጥናት አልደክምም። ጌታ የጠቀሰው ኦሪት ዘዳግምን ምዕራፍ 15 ነው፤ እዚያም ድሃ ከምድር አይጠፋምና እጅህን ዘርጋለት ተብሎ ተጽፏል። ጥቂት ቁጥሮች ከፍ ብሎ ደግሞ ሕጉ ቢጠበቅ ኖሮ በመካከልህ ድሃ ባልተገኘ ነበር ይላል። ለመስጠት ምክንያት የሆነውን ዐረፍተ ነገር ላለመስጠት ምክንያት ማድረግ ቃሉን ገልብጦ መልበስ ነው።

የኮናዌይ ክርክር ግን ከዚህ ይከብዳል፤ በቁም ነገር መመለስም አለበት። ወንጌል ለሰው እንጂ ለመንግሥት አልተጻፈም የሚለው ሰው ምጽዋት በግዳጅ ሲሆን ፍቅርነቱ ይጠፋል ይላል። እውነትነት አለው። ማቴዎስ 25 የምግብ ድጎማ በጀት ስንት ይሁን እንደማይል እኔም እቀበላለሁ፤ በዚህ በኩል ቫርጋስም ቢሆኑ ከጥቅሱ ወደ ዶላሩ የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ያ ክፍል በንጉሡ ፊት የሚሰበሰቡት አሕዛብ ናቸው ብሎ እንደሚጀምር አንርሳ። ኦሪት ደግሞ ከዚህ በግልጽ ይሄዳል። በማርች 2017 በዚያው የግብርና ኮሚቴ፣ ረሃብን ለመከላከል የሚሠራው «ማዞን» የተባለ የአይሁድ ድርጅት ተወካይ ምስክርነት ሲሰጡ ኦሪት ዘሌዋውያንን ጠቀሱ፤ ገበሬው የማሳውን ጥግ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው የሚያዘውን። የቴክሳሱ ጆዲ አሪንግተን በዚያችው በተሰሎንቄ ቃል መለሱ። ልዩነቱን ግን አስተውሉ። የማሳው ጥግ ምጽዋት አልነበረም። ባለ ማሳው ደስ ሲለው የሚሰጠው፣ ሲከፋው የሚከለክለው አልነበረም፤ ሕግ ነበር፤ የድሃው ድርሻ ነበር። ሩት በቦዔዝ እርሻ ስትቃርም ምጽዋት እየለመነች አልነበረም፤ መብቷ ነበር። እሷም መጻተኛ ነበረች።

የአሥራት ነገርም አለ። በ2015 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ዶክተር ቤን ካርሰን ሁሉም ሰው ከገቢው እኩል መቶኛ የሚከፍልበትን ግብር ሲያቀርቡ መሠረቱ የመጽሐፍ ቅዱሱ አሥራት ነው አሉ። ለእኛ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ ኖረንበታል። ከክፉ ቀን በኋላ፣ በ1892፣ አፄ ምኒልክ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ ጎተራውን እንዳያራቁት ብለው በእህል ላይ አሥራት ደነገጉ። ስሙ የቤተ ክርስቲያን፣ ሥራው ግን የሠራዊት ስንቅ ነበር። ያ ስም እስከ 1967 ቆየ፤ በዚያ ዓመት በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ፤ በዚህም ጎጃም አመፀ። ኦሪት ዘዳግም በየሦስተኛው ዓመት ከሚወጣው አሥራት መጻተኛው፣ አባት የሌለውና መበለቲቱ እንዲጠግቡ ያዝዛል። ከአሥራቱ ቁጥሩን ወስዶ ተቀባዮቹን መተው በአዲስ አበባ ተደርጓል፤ በዋሽንግተንም ታስቧል።

አሁን ልቤን ወደሚይዘው ታሪክ ልምጣ። ጥቅስ ለድሃ ተነብቦ ስለ ተሸነፈበት ቦታ ነው።

የአላባማ ግብር ለረጅም ዘመን የሚያሳፍር ነበር። አራት ነፍስ ያለው ቤተ ሰብ በዓመት 4,600 ዶላር ካገኘ የገቢ ግብር መክፈል ይጀምር ነበር። ዳቦና ወተት ሳይቀር የሽያጭ ግብር ይከፈልበታል። በ2003 የወጣ ስሌት እንደሚያሳየው በዓመት ከ13,000 ዶላር በታች የሚያገኘው ሰው ከገቢው 10.9 በመቶውን ለክፍለ ግዛቱና ለአካባቢው አስተዳደር ሲከፍል፣ ከ229,000 ዶላር በላይ የሚያገኘው የከፈለው 4.1 በመቶ ብቻ ነበር። ከክፍለ ግዛቱ መሬት 71 በመቶ የሚሆነውን የያዘው የእንጨት ደን ከንብረት ግብሩ የሚሸፍነው ከ2 በመቶ በታች ነበር።

በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የግብር ሕግ ያስተምሩ የነበሩት ሱዛን ፔስ ሃሚል ለጥቂት ጊዜ ማስተማሩን ትተው በቢርሚንግሃም ከተማ ወደሚገኘው የቢሰን መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ገቡ። በ2002 ያቀረቡት የመመረቂያ ጽሑፍ የአላባማን ግብር በኦሪትና በወንጌል ሚዛን መዘነው። መደምደሚያው አላመነታም፤ ራሱን የክርስቲያን ምድር የሚል ሕዝብ እንዲህ ያለ ግብር ሊሸከም አይገባውም። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤ በየቤተ ክርስቲያኑም መነጋገሪያ ሆነ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ቦብ ራይሊ የተባሉ ሪፐብሊካን በጠባብ ድምፅ ገዢ ሆነው ተመረጡ። በዋሽንግተን ሳሉ የግብር ጭማሪ ተቃዋሚነታቸው የታወቀ፣ የደቡብ ባፕቲስት አማኝ ናቸው። ሥራ ሲጀምሩ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ የበጀት ጉድለት ጠበቃቸው። ማንም የሚጠብቀው ከትምህርት ቤቱና ከክሊኒኩ እንዲቀንሱ ነበር። እሳቸው ግን የ1.2 ቢሊዮን ዶላር የግብር ለውጥ አቀረቡ፤ በባለ ብዙ መሬቱና በሀብታሙ ላይ የሚጨምር፣ ከድሃው ላይ የሚያነሣ። በየአዳራሹ እየዞሩ ያስረዱትም በሃይማኖት ቋንቋ ነው። አዲስ ኪዳን እግዚአብሔርን ውደድ፣ እርስ በርስ ተዋደዱ፣ ታናናሾቹን ተንከባከቡ ይላል፤ ከድሆች ይህን ያህል መውሰድ ሥነ ምግባር አይደለም አሉ። ጥቅሱን ያነበቡት ለመረጧቸውና ገንዘብ ላዋጡላቸው ሰዎች ነው። እኔ የምፈልገው ፈተና ይህ ነው።

በሴፕቴምበር 9 ቀን 2003 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ ከሦስት ሁለቱ እጅ እምቢ አለ። የአላባማ ክርስቲያን ጥምረት የተባለው ድርጅት ተቃውሞ ተከራከረ፤ የዚያው ድርጅት ብሔራዊ ፕሬዚዳንት ግን ደገፉ። ግብራቸው ሊቀነስላቸው ከነበሩት ድሆች ብዙዎቹም ተቃወሙ። ከመቶ ዓመት በላይ ከዋና ከተማዋ የመጣ ተስፋ ሁሉ ሲያታልለው የኖረ ሰው የገዢው ቋንቋ ስለ ተለወጠ ብቻ አያምንም፤ አልፈርድበትም። ራይሊ ግን ነገሩን አልተዉትም። በ2006 የገቢ ግብሩ መነሻ ለአራት ነፍስ ቤተ ሰብ ከ4,600 ወደ 12,500 ዶላር ገደማ ከፍ እንዲል የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። ክፍለ ግዛቱ በምግብ ላይ የሚያስከፍለው 4 በመቶ የሽያጭ ግብር መቀነስ የጀመረው በ2023 ነው። ሃያ ዓመት።

ከዚያው ከአላባማ፣ ከቢርሚንግሃም ዙሪያ፣ የተመረጡ ሌላ ባፕቲስት ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ስፔንሰር ባካስ። ይህ ታሪክ በቀጥታ ወደ ሀገራችን ይገባል። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢዮቤልዩ 2000» የተባለው እንቅስቃሴ ከዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ተነሥቶ፣ በ50ኛው ዓመት ባሪያው ነጻ እንደሚወጣና ርስቱ ወደ ባለቤቱ እንደሚመለስ ሁሉ የድሃ ሀገሮችም ዕዳ ይሰረዝ ብሎ ተነሣ። በሜይ 1998 በእንግሊዟ በርሚንግሃም የቡድን 8 መሪዎች ሲሰበሰቡ 70,000 ያህል ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ከተማዋን ከበበ። በአሜሪካ ኮንግረስ ውስጥ ለዚህ ከተከራከሩት አንዱ ባካስ ናቸው። የውጭ እርዳታን በጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣል ገንዘብ ይቆጥሩ የነበሩት ሴናተር ጄሲ ሄልምስ እንኳ በመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ ሲነገራቸው ልባቸው ተመለሰ። በ2000 መጨረሻ ኮንግረሱ ለዕዳ ቅነሳ 435 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ኢትዮጵያ በአፕሪል 2004 የዕዳ ቅነሳውን የመጨረሻ ደረጃ ደረሰች፤ በጃንዋሪ 2006 ደግሞ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ዕዳቸውን ከሰረዘላቸው 19 ሀገሮች አንዷ ሆነች። ለዕዳ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ እንዲውል የተባለው ያኔ ነው። አንድ ጥንታዊ የእርሻ ሕግ፣ አበዳሪው ራሱ ጎኑን እንዲዳስስ ተደርጎ ስለ ተነበበ፣ እዚህ ድረስ ደረሰ።

በ2025 ግን ቁጥር 10 ተመልሶ መጣ። የዚያን ዓመት የበጀት ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት የመሩት አፈ ጉባኤ ማይክ ጆንሰን በ2023 ሲመረጡ የዓለም እይታዬን ማወቅ የሚሻ መጽሐፍ ቅዱስን ይግለጥ ያሉ ሰው ናቸው። የሜዲኬይድ የሥራ ግዴታ ሥነ ምግባራዊ ጎን አለው፤ ቀኑን ሙሉ የቪዲዮ ጌም የሚጫወቱ ወጣት ወንዶች ወደ ሥራ መመለስ አለባቸው ሲሉ ተከራከሩ። ሕጉ በጁላይ 3 በ218 ለ214 ድምፅ አለፈ፤ በማግስቱ ተፈረመ። የፉድ ስታምፕ የሥራ ግዴታ እስከ 64 ዓመት ድረስ ደረሰ። ቤት አልባ ለሆኑትና ለቀድሞ ወታደሮች የነበረው ነጻነት ተነሣ። በሜዲኬይድም በወር 80 ሰዓት ግዴታ ተደረገ፤ ክፍለ ግዛቶች እስከ ጃንዋሪ 2027 እንዲጀምሩት ተደነገገ። በስደተኝነት የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎች ደግሞ ግሪን ካርድ እስካልያዙ ድረስ ከምግብ ድጎማው ወጡ። ከሀገራችንና ከኤርትራ በስደት ሄደው ሕጋዊ ሥራ ላይ እያሉ ግሪን ካርድ ገና ያልያዙትንም የሚነካ ነው። እነዚህ ሰዎች ሥራ ጠሉ የሚል የለም፤ የሚሠራውም አይብላ የሚል ቁጥር ደግሞ በየትኛውም መልእክት አልተጻፈም።

ባለፈው ክረምት እዚያው አሜሪካ ሳለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይ ስንጠጣ አንዲት እናት ደብዳቤ ይዘው መጡ። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ግሪን ካርድ አላቸው፤ በሳምንት አራት ቀን የሰው ቤት ያጸዳሉ። ደብዳቤው በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን በማስረጃ እንዲያቀርቡ የሚጠይቅ ነው። አነበብኩላቸው። «እሺ ልጄ፣ መሥራቱንስ እሠራለሁ» አሉኝ፣ «ግን በካሽ ነው የሚሰጡኝ። ማን ይመሰክርልኛል?» እጆቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አሳዩኝ፤ ጣቶቻቸው በበረኪና ተላልጠዋል። ከፖስታው ጀርባ ላይ የቤቶቹን ስምና ሰዓቱን አብረን መጻፍ ጀመርን። ሰኞ፣ አምስት ሰዓት። ማክሰኞ፣ ስድስት። ረቡዕ ያመማቸው ሳምንት ላይ ስንደርስ እስክሪብቶውን ያዝ አደረግሁና ምን ብዬ ልጻፍ አልኳቸው።